ሜትሩ አይበቃም፤ ድምፁም ይለካ

የዱር እንስሳትን በመኖሪያቸው ተጉዞ ማየት መልካም ነገር እንደሆነ እናምናለን። ሰው ያላወቀውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ጉብኝቱ ራሱ ጉዳት እንዳያመጣ ደንብ ያስፈልገዋል። በባሕር ውስጥ የሚኖሩትን ታላላቅ እንስሳት በተመለከተ ብዙ አገሮች ያወጡት ደንብ በዋነኛነት ርቀትን የሚወስን ነው፤ «ጀልባ ከዚህን ያህል ሜትር በላይ አይጠጋ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መለኪያ በዓይኑ ለሚመራው ለሰው የተመቸ፣ በጆሮው ለሚኖረው ለዓሣ አንበሪ ግን የማይበቃ መሆኑን ማስረዳት ነው። በእኛ አስተያየት ከሜትሩ ጎን ለጎን ድምፁም ሊለካና በቁጥር ሊወሰን ይገባል። ለምሳሌ የመረጥናት ከተማ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከክራይስትቸርች በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ትንሿ ካይኮራ ናት።

«ባሕር በሌለው አገር ለሚኖር ተማሪ ይህ ጉዳይ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በመጨረሻው ክፍል እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ስለ እንስሳው ጥቂት እንበል።

ዓሣ ያልሆነው «ዓሣ»

ግዕዙ «ዐንበሪ» የሚለውን ይህን ፍጥረት በአማርኛ ዓሣ አንበሪ ወይም ዓሣ ነባሪ እንለዋለን። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የተዋወቅነው በነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። ስሙ ዓሣ ይበለው እንጂ እንስሳው ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፤ ደሙ ሙቅ ነው፤ ይወልዳል፤ ያጠባል። የዘር ሐረጉን የመረመሩት ሳይንቲስቶች የደረሱበት ውጤት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ አንበሪዎች የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው በጣና ሐይቅና በባሮ ወንዝ የምናውቀው ጉማሬ ነው። የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይኖር ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው ወገን ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ቀረ፣ ሌላው ወደ ውቅያኖስ ገባ።

ወደ ውቅያኖስ የገባው ወገን አንድ ትልቅ ችግር ጠበቀው፤ ብርሃን አጣ። የፀሐይ ብርሃን በባሕር ውስጥ 200 ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ እጅግ ይደክማል፤ ከ1000 ሜትር በታች ፍጹም ጨለማ ነው። ድምፅ ግን በተቃራኒው በውኃ ይበረታል። በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል የሚጓዘው ድምፅ በባሕር ውኃ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ ሲጓዝ የሚባክነው ኃይልም፣ በተለይ ድግግሞሹ ዝቅተኛ ሲሆን፣ በጣም ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ዓሣ አንበሪዎች መንገዳቸውን የሚያገኙት፣ ምግባቸውን የሚፈልጉት፣ እርስ በርሳቸውም የሚጠራሩት በድምፅ ነው። ለእነርሱ ድምፅ የሚያውክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ብርሃን ማለት ምን እንደሆነ ለእነርሱ ድምፅ እንደዚያው ነው።

ካይኮራ ለምን?

በኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ በማኦሪዎች ቋንቋ «ካይ» ምግብ፣ «ኮራ» ደግሞ የሎብስተር ዘመድ የሆነ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ባሕሩ ምን ያህል ለጋስ እንደሆነ ይመሰክራል። ከበስተኋላዋ ከ2600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ቆመዋል፤ በክረምት በረዶ ይለብሳሉ። ከፊቷ ደግሞ በዓይን የማይታይ ሌላ ታላቅ ገደል አለ፤ እርሱም የካይኮራ የባሕር ሥር ሸለቆ ነው። ሸለቆው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ1000 ሜትር በላይም ይጠልቃል። የሚያስደንቀው አፉ ለጠረፉ እጅግ መቅረቡ ነው። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ ጥልቀት ለማግኘት ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮችን መቅዘፍ ሲያስፈልግ፣ እዚህ ግን ጀልባ ከወደብ በተነሣ በአጭር ጊዜ ከጥልቁ በላይ ይደርሳል።

ከሰሜን የሚመጣው ሞቃት ውኃና ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውኃ በዚህ አካባቢ ይገናኛሉ። ሸለቆው ምግብ ያዘለ ውኃና ደለል ይሰበስባል። በዚህም ምክንያት ከወለሉ ትሎች አንሥቶ እስከ ዶልፊኖች፣ እስከ ፈር ሲሎችና እስከ አልባትሮሶች ድረስ የተያያዘ የምግብ ሰንሰለት ተፈጥሯል። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሚገኘው ስፐርም ዌል የተባለው ባለ ጥርስ ዓሣ አንበሪ ነው። ወደ ካይኮራ የሚመጡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። አንድ ሙሉ ወንድ 16 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 40 ቶንና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ትልቁ አንጎል የእርሱ ነው።

ከመግደል ወደ ማየት

ካይኮራ ዓሣ አንበሪን የተዋወቀችው በገዳይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ሮበርት ፋይፍ የተባለ ሰው የአደን ጣቢያ አቋቋመ። የዚያ ዘመን ቅርስ የሆነውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው የፋይፍ ቤት ከመሠረቱ የተደገፈው በዓሣ አንበሪ የጀርባ አጥንቶች ላይ ነው። አደኑ በካይኮራ እስከ 1922 ቀጠለ፤ በመላው ኒውዚላንድ የቆመው በ1964 ሲሆን፣ የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቀው ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

በ1980ዎቹ መንግሥት የምድር ባቡሩንና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ሲያደራጅ ብዙ የካይኮራ ነዋሪ ከሥራ ወጣ። ከሁሉ በላይ የተጎዱት ማኦሪዎች ነበሩ። የንጋቲ ኩሪ ጎሣ አባላት የሆኑ ቤተሰቦች በ1987 ቤቶቻቸውን በዋስትና አስይዘው ገንዘብ ተበደሩና አንዲት ትንሽ ጀልባ ይዘው ጎብኚዎችን ወደ ዓሣ አንበሪዎቹ መውሰድ ጀመሩ። በአፈ ታሪካቸው አያታቸው ፓይኬያ ወደዚያ ምድር የመጣው በዓሣ አንበሪ ጀርባ ተጭኖ ነው፤ አሁንም የልጅ ልጆቹ ኑሯቸውን በዓሣ አንበሪ ላይ ጣሉ። ድርጅቱ አደገ፤ ከተማይቱም አብራ አደገች። ሟች እንስሳ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሕያው እንስሳ ግን በየዕለቱ እንጀራ ይሰጣል። ይህንን ትምህርት ካይኮራ ለዓለም በተግባር አሳይታለች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ ያለመ አይደለም፤ እነርሱ የጀመሩት ሥራ እንዲዘልቅ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ

እኛም ወደ ካይኮራ በሄድንበት ወቅት ከጉዞው ሁሉ ትልቁን ቦታ በልባችን የያዘው የታየው ሳይሆን የተሰማው ነበር። ጀልባው ከሸለቆው በላይ ሲደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋና ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ ወደ ባሕሩ አወረደ። በድምፅ ማጉያው «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ነገር ተሰማ። አናጢ በሩቅ ሆኖ ምስማር የሚመታ ይመስላል፤ የድሮ መርከበኞችም በመርከባቸው ግድግዳ በኩል ይህንን ሲሰሙ እንስሳውን «አናጢ ዓሣ» ይሉት እንደነበር ይነገራል። ካፒቴኑ መሣሪያውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚበረታ ለየ። ድንገት ጠቅታው ቆመ። ካፒቴኑም «ወደ ላይ እየመጣ ነው» አለ።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ አዘንብሎ ሲወጣ አየን። አሥር ደቂቃ ያህል አየር ሲስብ ቆየ፤ ከዚያም ሰፊ ጅራቱን ከውኃው በላይ አነሣና ቀጥ ብሎ ወረደ። እንዲህ ያለው ጥልቅ ጉዞ አርባ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ልብ በሉ፤ እንስሳው ከአንድ ሰዓት ውስጥ ለዓይናችን የሚገለጠው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ደንባችን ግን የተጻፈው ለእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ነው። በቀሪው ጊዜ በጨለማ ሆኖ የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም ምግብ ፍለጋው፣ ከደንቡ ውጭ ቀርቷል።

ማዳመጥ ምን ያህል እውቀት እንደሚያስገኝ አንድ ምሳሌ እንስጥ። የስፐርም ዌል አንድ ጠቅታ በጥሞና ሲመረመር አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ተከታታይ ጥቃቅን ምቶች አሉት። ድምፁ በግዙፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ባለው ዘይት መሰል ነገር አልፎ፣ ከአንደኛው ጫፍ ነጥሮ፣ እንደገና ስለሚመለስ ነው። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 7 ሚሊ ሰከንድ ቢሆንና የድምፅ ፍጥነት በዚያ ዘይት ውስጥ በሰከንድ 1370 ሜትር ያህል መሆኑን ብንወስድ፣ የደርሶ መልሱ መንገድ 9.6 ሜትር፣ የአካሉ ክፍል ርዝመት ደግሞ ግማሹ 4.8 ሜትር ይሆናል። ጭንቅላቱ የሰውነቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ እንስሳው 15 ሜትር ያህል እንደሚረዝም እንገምታለን። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በካይኮራ ዓሣ አንበሪዎች ላይ ፈትሸው ውጤቱን በ2004 አሳትመዋል። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያየው፣ እንስሳው በገዛ ድምፁ ቁመቱን ተናገረ ማለት ነው።

236 ዴሲቤል ማለት ምን ማለት ነው?

የስፐርም ዌል ጠቅታ ከእንስሳት ድምፅ ሁሉ ኃይለኛው ነው። በ2003 የታተመ ጥናት እስከ 236 ዴሲቤል የሚደርስ መጠን መዝግቧል። ይህንን ቁጥር ይዘው «ከጄት አውሮፕላን ይበልጣል» እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ ተማሪዎቻችን ግን እንዲህ ባለው ንጽጽር እንዳይታለሉ እንመክራለን። ዴሲቤል ከአንድ መነሻ ጋር የሚደረግ ንጽጽር እንጂ በራሱ የቆመ ልኬት አይደለም። በአየር ውስጥ መነሻው 20 ማይክሮፓስካል፣ በውኃ ውስጥ ደግሞ 1 ማይክሮፓስካል ነው። በዚህ ላይ ውኃ ከአየር ይልቅ እፍጋቱ የበዛ በመሆኑ ለአንድ ዓይነት የድምፅ ኃይል የሚያስፈልገው ግፊት ይለያል። ሁለቱ ተደምረው የ62 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይፈጥራሉ። ስለዚህ 236ቱ በአየር አቆጣጠር ወደ 174 ይወርዳል። ያም ቢሆን እጅግ ብርቱ ድምፅ ነው።

«እንዲህ የሚያስተጋባ እንስሳ የጀልባ ሞተር ምን ያደርገዋል?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው፤ እንስሳው የሚፈልገው ጩኸቱን ሳይሆን የጩኸቱን መልስ ነው። ተራራ ፊት ቆመን ስንጣራ የገደል ማሚቶ እንደሚመልስልን፣ ዓሣ አንበሪውም ከስኩዊድ ገላ ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ ያዳምጣል። ድምፅ ከመነሻው ሲርቅ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አዳኙ 300 ሜትር ላይ ያለ ስኩዊድ ቢፈልግ፣ በመሄድ 50 ዴሲቤል ያህል፣ በመመለስም እንዲሁ 50 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ለስላሳው የስኩዊድ ገላ መልሶ የሚያንጸባርቀው ጥቂቱን ብቻ መሆኑ ሲጨመርበት፣ የሚመለሰው ድምፅ ከተላከው ከአሥር ቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በሠርግ ቤት ውስጥ የሹክሹክታ ወሬ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ተናጋሪው ጎሮሮው የቱንም ያህል ቢበረታ፣ አዳማጩ የሚሸነፈው በአዳራሹ ጫጫታ ነው።

የሜትሩ ደንብ ጉድለት

ኒውዚላንድ በ1992 ያወጣችው ደንብ ከዓለም ደንቦች መካከል ከተሻሉት የሚቆጠር ነው። ጀልባ ከዓሣ አንበሪ 50 ሜትር በታች መቅረብ አይፈቀድለትም። በ300 ሜትር ክልል ውስጥ ከሦስት በላይ ጀልባዎች መገኘት የለባቸውም፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚንቀሳቀሰውም ማዕበል ሳያስነሣ በዝግታ መሄድ አለበት። ደንቡ ረባሽ ድምፅ ማሰማትንም ይከለክላል፤ ነገር ግን «ረባሽ» የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር አላስቀመጠም። ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመርከብ ጩኸት ዋነኛ ምንጭ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው። ሲፈጥን በዙሪያው ያለው ግፊት ይወርድና ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹ ወዲያው ሲፈነዱ ውኃውን በጫጫታ ይሞሉታል። በትላልቅ መርከቦች ላይ በተደረጉ ልኬቶች የተመሠረተ ግምታዊ ደንብ እንደሚያሳየው፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ኃይል 32 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ማለትም የድምፁ ኃይል የሚያድገው ፍጥነቱ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው መጠን ነው።

አሁን በዚህ ደንብ ሁለት ጀልባዎችን እናነጻጽር። አንደኛው በ5 ኖት እየሄደ ከእንስሳው 50 ሜትር ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ከክልሉ ወሰን ላይ፣ 300 ሜትር ርቆ፣ በ20 ኖት ይከንፋል። ርቀቱ ስድስት እጥፍ ስለሆነ የሁለተኛው ድምፅ 36 ጊዜ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ግን አራት እጥፍ በመሆኑ 1024 ጊዜ ይጨምራል። 1024 ለ36 ሲካፈል 28 ይደርሳል። ስለዚህ ሩቅ ያለውና ለዓይን ምንም ጉዳት የማያደርስ የሚመስለው ጀልባ፣ በቅርብ በዝግታ ከሚሄደው ይልቅ በእንስሳው ጆሮ 28 ጊዜ ያህል የበረታ ኃይል ያፈሳል። ሁለቱም ግን በሜትሩ ደንብ ፊት ንጹሓን ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ስሌት ግምት ነው። ትንንሽ ጀልባዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የካይኮራ ዋነኛው አስጎብኚ ድርጅት ፕሮፔለር በሌላቸው፣ ውኃ ወደ ኋላ በሚገፉ ጄቶች በሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ይጠቀማል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልዩነቱ የእኛን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጸጥተኛ ጀልባ የገዛና ጯሂ ጀልባ የገዛ በአንድ ሜትር የሚዳኙ ከሆነ፣ ደንቡ ለጸጥታ ምንም ዋጋ አልሰጠም ማለት ነው።

ጫጫታ እንደሌላው ብክለት አይደለም

ጫጫታ ከሌሎች ብክለቶች የሚለይበት አንድ መልካም ጠባይ አለው። ፕላስቲክ ዛሬ መጣል ብናቆም የትናንቱ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ጫጫታ ግን ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ይጠፋል።

ለዚህ ሳይታሰብ የተገኘ ማስረጃ አለ። በመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ የመርከብ እንቅስቃሴ ለጥቂት ቀናት ቀንሶ ነበር። በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የውኃ ውስጥ ጫጫታ 6 ዴሲቤል ወረደ፤ ይህም ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ወቅት ከዓሣ አንበሪዎች ዓይነ ምድር ናሙና ይሰበስቡ የነበሩ ተመራማሪዎች የጭንቀት ሆርሞን ምልክት መቀነሱን አገኙ፤ ውጤቱም በ2012 ታተመ። በዚያው በካናዳ፣ በቫንኩቨር ወደብ አነሣሽነት ከ2017 ጀምሮ ትላልቅ መርከቦች በሃሮ የባሕር ሰርጥ ሲያልፉ በፈቃዳቸው ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ አብዛኞቹም ተባበሩ፤ በባሕሩ ውስጥ የተቀመጡ ሃይድሮፎኖችም ጫጫታው መቀነሱን መዘገቡ።

ካይኮራ ራሷም ለሌላ ፍጥረት ስትል ኑሮዋን ማስተካከል እንደምትችል አሳይታለች። የሃተን ሺርዎተር የተባለው የባሕር ወፍ የሚራባው በካይኮራ ተራሮች ላይ ነው። ጫጩቶቹ በሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕር ሲበሩ የከተማይቱ መብራት ያሳስታቸውና መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ነዋሪዎቹ መብራቶቻቸውን አስተካከሉ፤ በ2024ም አካባቢው የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ። በ2014 በወጣው የካይኮራ የባሕር አስተዳደር ሕግ ደግሞ በዓሣ አንበሪ መጠለያው ውስጥ በድምፅ ሞገድ የባሕር ወለልን መመርመር በጥብቅ ደንብ ሥር ውሏል። ለወፍ ብርሃንን የቀነሰች ከተማ ለዓሣ አንበሪ ጫጫታን በቁጥር ለመቀነስ የሚያስፈልጋት አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «ጉብኝት ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጀልባዎች ሲገኙ በዓሣ አንበሪዎቹ አተነፋፈስና ከጠለቁ በኋላ የመጀመሪያውን ጠቅታ በሚያሰሙበት ጊዜ ላይ ለውጥ አይተዋል፤ ለውጡ ግን ጥቂት ነበር። በሌላ በኩል በበጋ ወደ ካይኮራ የሚመጡት ዓሣ አንበሪዎች ቁጥር ከ1990 ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱ በ2022 በታተመ ጥናት ተገልጧል። የዚህ መንስኤ ጀልባ ነው አንልም፤ የባሕሩ መለወጥ ሊሆን ይችላል። ግን ልክ በዚህ ምክንያት ነው ጸጥታ የሚያስፈልገው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2016 በደረሰው መጠኑ 7.8 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ከካይኮራ ሸለቆ 850 ሚሊዮን ቶን ያህል ደለል ተጠርጎ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ በወለሉ የነበረውም ሕይወት አብሮ ተወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ዓሣ አንበሪዎቹ በውኃው ገጽ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ 25 በመቶ ያህል ረዘመ፤ ምግብ ፍለጋው እንደከበዳቸው ተመራማሪዎች ገመቱ። የመሬት መንቀጥቀጥን ማንም አያስቆምም፤ የባሕርን መሞቅም ካይኮራ ብቻዋን አትመልስም። ጫጫታው ግን በእጇ ነው። ከብዙ ሸክም ውስጥ ማውረድ የሚቻለውን ማውረድ ብልህነት ነው።

ሁለተኛ፣ «ሜትር በዓይን ይገመታል፤ ዴሲቤልን ማን ይቆጣጠራል?» ይባላል። ለዚህ መልሱ ከአገራችን መንገድ ላይ ይገኛል። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ እንደሚለጠፍለት፣ እያንዳንዱ ጀልባም በተወሰነ ፍጥነትና ርቀት በሃይድሮፎን ፊት አልፎ ሊለካ ይችላል። ውጤቱም የሚፈቀድለትን ፍጥነትና የሚጠጋበትን ርቀት ይወስናል፤ ጸጥተኛው ይጠጋል፣ ጯሂው ይርቃል። ካፒቴኑ በባሕር ላይ የሚጠበቅበት እንደ ወትሮው ፍጥነትና ርቀት መጠበቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ «ዝግታ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ገንዘብ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። በግማሽ ፍጥነት የሄደ ጀልባ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይቆያል፤ በዚያው በተጠቀምንበት ግምት ግን የሚያፈሰው ጠቅላላ የድምፅ ኃይል ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ቤቱን አስይዞ ሥራ የጀመረ ሰው የሚያስበው ለዛሬው ትርፍ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጁም ስለሆነ፣ ይህንን ሒሳብ ከማንም በላይ ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

የእኛ ድርሻ

መጀመሪያ ላይ ወደተነሣው ጥያቄ እንመለስ፤ ይህ ሁሉ ባሕር በሌለው አገር ለሚኖር ተማሪ ምኑ ነው? የዓሣ አንበሪ የቅርብ ዘመድ ጉማሬ መሆኑን ተናግረናል። ጉማሬ ዓይኑንና አፍንጫውን ከውኃ በላይ አውጥቶ ሲጮኽ ድምፁ በአየርም በውኃም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ከውኃ ሥር ያሉትም ይሰሙታል። ከባሕር ዳር ተነሥተው ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሥፍራ ጎብኚዎችን ጉማሬ ለማሳየት የሚመላለሱ ባለ ሞተር ጀልባዎችን የሚያውቅ ሁሉ፣ የካይኮራ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ መሆኑን ይገነዘባል።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተበላሸ የማንቂያ ሰዓት ወይም መጫወቻ የሚገኝ ስስ ፒዬዞኤሌክትሪክ ዲስክ፣ ውኃ የማያስገባ ማጣበቂያ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይበቃሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ትክክለኛውን ዴሲቤል አይናገርም፤ በዝግታና በፍጥነት በሚሄድ ጀልባ መካከል ያለውን ልዩነት ግን በግልጽ ያሳያል። ልኬቱ ከመርከብ ማቆሚያው ወይም ልምድ ካለው ጀልባ ነጂ ጋር፣ ከመምህር ጋር በመሆን ይደረግ፤ ጉማሬ አደገኛ እንስሳ ስለሆነ ወደ እርሱ መጠጋት ፈጽሞ አያስፈልግም። የአንድ ሴሚስተር የፊዚክስ ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ርእስ ያገኛል ብለን አናምንም፤ ውጤቱም ለጀልባ ማኅበራት፣ ለመስተዳድሩና ለጉማሬውም ይጠቅማል።

ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የምትሄዱና እንደ ካይኮራ ያለ ከተማ የመጎብኘት ዕድል የምታገኙ ተማሪዎች ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አስጎብኚውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ምን ያህል ታስጠጉናላችሁ?» የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። እናንተ ግን «ጀልባችሁ በውኃ ውስጥ ምን ያህል ይጮኻል?» በሉ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ መልሱን የሚለካ አስጎብኚ መምጣቱ አይቀርም፤ መለኪያው ካለ ደግሞ ሕጉ ሊከተለው ይችላል።